አትንቀሉት፣ ጠብቁት፦ የክረምት ጥያቄዎቻችሁ

እንደምን ሰነበታችሁ? በዚህ ሐምሌ የደረሱኝ ደብዳቤዎች በዝተዋል። ግማሹ በረዶ ነው፤ ግማሹ ጎርፍና መብረቅ። እኔም የምጽፍላችሁ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኜ፣ ጓሮዬን እያየሁ ነው። ከትናንት ወዲያ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የወረደው በረዶ ጎመኔን ወንፊት አስመስሎታል። የዱባው ቅጠል የለም፤ ሐረጉ ብቻ ቀርቷል። ጠዋት ወጥቼ ሳየው ሆዴ ባባ። ግን አንድም ተክል አልነቀልኩም። ለምን እንዳልነቀልኩ በመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አዲስ ለሆናችሁ አንባቢዎች፣ 26 ዓመት የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ቡሬ ጀመርኩ፣ ደምበጫ ቆየሁ፣ ጡረታ የወጣሁት ስናን ላይ ነው። አሁን ሥራዬ ጓሮዬና የእናንተ ደብዳቤ ነው።

ከቡሬ

«እትዬ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ የወረደው በረዶ በቆሎዬን እንዳልነበር አደረገው። ጉልበቴ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ቅጠሉ ተተልትሎ መሬት ነክቷል። ጓሮ ያለው ጎመንና ቃሪያም እንደዚሁ። ባለቤቴ ገልብጠን ሌላ እንዝራ ይላል። እኔ አንጀቴ አልቆረጠም። ምን ይመክሩኛል?»

እታለም፣ አንጀትሽ ያልቆረጠው በከንቱ አይደለም። ባለቤትሽን አንድ ሳምንት ለምኚልኝ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ እዚያው ቡሬ አጠገብ፣ እንዲህ ያለ በረዶ ወረደ። የአንድ ገበሬ በቆሎ የተቀደደ ጨርቅ መሰለ። በማግስቱ ሄጄ አየሁና «ይገልበጥ» አልኩት። የተማረች ናት ብሎ አመነኝ፤ ገለበጠው። ጎረቤቱ ግን በዚያ ሳምንት በሬ አላገኘም። በሬ ስላጣ ብቻ የእሱ በቆሎ ሳይነካ ቆየ። በአሥረኛው ቀን በዚያ ሳልፍ ከመሐሉ አዲስ ቅጠል እያወጣ ነበር። ኅዳር ላይ ጎረቤቱ በቆሎ ሸለቀቀ። እኔን የሰማው ሰውዬ ደግሞ ዘግይቶ የዘራውን ጥቂት ጤፍ አገኘ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። «እግዜር ያመጣው ነው» አለኝ። እግዜር ያመጣው በረዶውን ነው። ማስገልበጡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት ይህን ነው። በቆሎ አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ አዲስ ቅጠል የሚያበቅለው ጫፉ ከአፈር በታች ነው። ላዩ ሁሉ ቢተለተል ሥሩ ጋ ያለውን ጫፍ በረዶ አይደርስበትም። ጉልበት ላይ ሲደርስም ጫፉ ገና ዝቅ ብሎ በአገዳው ውስጥ ተሸፍኖ ነው ያለው። በረዶ በቆሎን ክፉኛ የሚጎዳው ጸጉር ሲያወጣና ዘንግ ሲጥል ነው፤ ያኔ ምትክ የሚሆን ቅጠል የለውም።

ስለዚህ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ጠብቂ። ከዚያ ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ተክል ንቀይና አገዳውን ከላይ ወደ ታች በቢላ ሰንጥቂው። ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ። ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ ሞቷል። አብዛኛው ነጭ ከሆነ አትንኩት። ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተጠማዘው ብታዩአቸውም በማጭድ አትከርክሙ፤ ነፋሱ ራሱ ይፈታቸዋል። አፈሩ ጠፈፍ ሲል ግን ኩትኮታ ያስፈልገዋል፤ በረዶ መሬቱን ደብድቦ ያጠነክረዋል። ዩሪያ ካላችሁ አዲስ ቅጠል ካያችሁ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አትጨምሩ። የሚበላው የሌለው ማዳበሪያ ከጎርፍ ጋር ይሄዳል።

አብዛኛው ሞቶ ከተገኘ ደግሞ ባለቤትሽ ልክ ነው። እስከ ሐምሌ አጋማሽ ከሆነ ጤፍ ይደርሳል። ካለፈም መስከረም ላይ ሽምብራ ወይም ጓያ በቀረው እርጥበት ይበቅላል።

ጎመኑ ልቡ ካልተመታ ይመለሳል። የተቀደደውን ቅጠል ቆርጠሽ ወጥ ሥሪው፤ ምንም አይልም። ቃሪያው ላይ የተሰበረውን ቅርንጫፍ ብቻ ንጹሕ አድርገሽ ቁረጪ፤ ግን ተክሉ እርጥብ ሳለ አትንኪው። በእርጥብ እጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሄድ በሽታውን የምናዞረው እኛው ነን።

ብዙዎቻችሁ በረዶ ለምን በእኛ አገር እንዲህ ይበረታል ትላላችሁ። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች። የሞቀው አየር ተራራውን ተከትሎ ወደ ላይ ይገሠግሣል። ውሃው በረዶ የሚሆንበት ከፍታ በእኛ አካባቢ 5,000 ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ጠብታውን እዚያ ያወጣዋል፤ ጠብታው ይረጋል፤ ሌላ ውሃ ይለብስና እንደገና ይረጋል። ሲከብድ ይወድቃል። ቆላ ላይ ከወደቀ በመንገዱ ይቀልጣል። የጮቄ ተራራ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ማርቆስም ወደ 2,450 ሜትር ይጠጋል። የሚቀልጥበት ርቀት አጭር ነው። ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ደግሞ ጠዋት የሞቀው አየር ወደ ላይ እስኪወጣ ጊዜ ስለሚፈጅ ነው። ችግኝ የምታዛውሩ ሰዎች ጠዋት አዛውሩና ከእኩለ ቀን በፊት በሣር ወይም በቅርንጫፍ ዳስ ሸፍኑት።

ከብቸና

«ቤታችን ያለው ዋልካ መሬት ላይ ነው። ዘንድሮ ጓሮው ኩሬ ሆኗል። ነጭ ሽንኩርቱ ቢጫ ሆነብኝ። የቤቱ ግድግዳም ከሥሩ እየረጠበ ነው። ከየት ልጀምር?»

ከጣሪያው ጀምሪ። ጣሪያሽ 40 ካሬ ሜትር ነው እንበል። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ከሰዓት በኋላ ከጣለ፣ ከጣሪያው ብቻ 1,200 ሊትር ይወርዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 60 ማለት ነው። ያ ሁሉ በግድግዳሽ ሥር እየወረደ ጭቃው ባይረጥብ ነበር የሚገርመው። አሸንዳ ብታደርጊና በርሜል ብታስቀምጪ ግማሹ ችግር ያልቃል። አሸንዳ ካልተቻለ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቦይ ይቆፈር፤ ከግድግዳው ሥር ያለው አፈርም ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደልደል።

ለጓሮው ፈሰስ አውጪ። አባቶቻችን የሚያወጡት ፈሰስ ቁልቁል ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ሸርተት ብሎ በአግድም ይሄዳል። ቀጥ አድርገሽ ካወረድሽው በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። መውጫውን ከጎረቤት ጋር ተማከሩበት። የአንዱ ፈሰስ የሌላው ጎርፍ ሆኖ ስንት ሰው ሲጣላ አይቻለሁ።

ቢጫ የሆነው ሽንኩርት ሥሩ አየር አጥቶ ነው። ውሃው ከወጣለት ከፊሉ ይተርፋል። ለሚቀጥለው መደቡን ከፍ አድርጊው፤ ስንዝር ተኩል ይበቃል። ዋልካ ሲረጥብ አትርገጪው። አንዴ ከተረገጠ እንደ ጡብ ይሆናል።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ጓሮው ኩሬ ከሆነ መጸዳጃ ቤቱም ውሃ ገብቶበት ይሆናል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ከሆነ ክረምቱ እስኪወጣ አፍልታችሁ ጠጡ። ለሕፃናቱ በተለይ።

ከሰከላ

«የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ትልልቆቹ ከብት ያግዳሉ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን ሁለት ላሞች ከግራር ሥር እንደቆሙ መብረቅ ገደላቸው። ልጁ ለጥቂት ተረፈ። እናቴ ቀይ ሹራብ አታልብሷቸው፣ መብረቅ ይጠራል ትላለች። እውነት ነው? ልጆቼንስ ምን ልበላቸው?»

ወንድም ዓለም፣ ይህን ደብዳቤ ሦስቴ አነበብኩት። እንኳን ልጁ ተረፈ። ለእናትዎ ክብር ይሁንና፣ ቀይ ልብስ መብረቅ አይጠራም። መብረቅ ቀለም አያይም። የሚፈልገው ከፍ ያለውን ነው፤ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ፣ ኮረብታ፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ሰው። ቀዩን ሹራብ ይልበሱ፤ እንዲያውም በጭጋግ ውስጥ ከሩቅ ይታዩዎታል።

ላሞቹን የገደለው ግራሩ ነው ማለት ይቻላል። መብረቅ ዛፍ ሲመታ ኃይሉ በግንዱ ወርዶ በመሬቱ ላይ ይሰራጫል። ከብት ደግሞ የፊትና የኋላ እግሩ የተራራቀ ነው። በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልብን ያገኛል። ከአንድ ዛፍ ሥር ብዙ ከብት ባንድ ጊዜ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ስናን ሳለሁ ሰባት በጎች እንዲህ ተኝተው አይቻለሁ። እረኛዋ ገሳዋን ለብሳ ጎድጓዳ ቦታ ቁጢጥ ብላ ስለነበር ተረፈች። የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ማን እንደነገራት ጠየቅኳት። «አባቴ፣ ከዛፍ ሽሺ ብሎኛል» አለችኝ። አንድ ቃል ነው ያዳናት።

እርስዎም ይህንኑ ይንገሯቸው። ደግሞ መቁጠር ያስተምሯቸው። ብልጭታውን ሲያዩ ሳይቸኩሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ከመድረሱ በፊት ከሰሙ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ሊደርስባቸው ይችላል። ያኔ ከብቱን ትተው ወደ ቤት ይሩጡ። «ከብቱን ትተው» የሚለውን አስምሩበት። ልጅ ከብት ጥሎ ከመጣ እንደሚገረፍ ካወቀ አይመጣም። ዛሬ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው፣ ጥለው ቢመጡ እንደማይቆጧቸው በአፍዎ ይንገሯቸው።

ቤት ሩቅ ከሆነ ከኮረብታ ይውረዱ፤ ከወንዝና ከብቸኛ ዛፍ ይራቁ። መጥረቢያና ማጭድ ይጣሉ። አንድ ላይ አይሰብሰቡ፤ ሁሉም አንድ ላይ ከሆኑ አንድ መብረቅ ሁሉንም ያገኛል። እግራቸውን ገጥመው ቁጢጥ ይበሉ እንጂ መሬት ላይ አይተኙ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ዝናቡ አባራ ብለው ሲወጡ የተመቱ ብዙ ናቸው።

የቆርቆሮ ቤት መብረቅ ይጠራል የሚሉም አሉ፤ አይጠራም። ከሜዳው እጅግ ይሻላል። በር ላይ ቆሞ ማየት ግን ይቅር፤ ግድግዳ መደገፍም ይቅር። ቴሌቪዥኑንና ዲሹን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ሲጀምር ሳይሆን ሰማዩ ሲጠቁር።

ሰው ከተመታ ደግሞ «አትንኩት፣ ይይዛችኋል» ይባላል። ይህ ሰው ያስገድላል። በመብረቅ የተመታ ሰው ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ይንኩት። ካልተነፈሰ ደረቱ መሐል ላይ ሁለት እጅ አነባብሮ በርትቶ መጫን ነው፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። እየጫኑ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ። ልቡ ቆሞ የነበረ ሰው በዚህ ሊመለስ ይችላል።

ከባሕር ዳር

«ጓሮዬ ውሃ ተኝቶበት ፓፓያው በሁለት ቀን ውስጥ ጠወለገ። አቮካዶውም ቅጠሉ ተንጠለጠለ። ነፋሱ ደግሞ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ አንድ ጎን አነሳው፤ ለጊዜው ድንጋይ ጭኜበታለሁ።»

ድንጋዩን ዛሬ አውርጂው። በሚቀጥለው ነፋስ ድንጋዩም ቆርቆሮውም አብረው ይመጣሉ፤ ሥሩ ደግሞ ልጆች ይጫወታሉ። ቆርቆሮው የሚነሳው ብዙ ጊዜ ምስማሩ ስለላላ ሳይሆን እንጨቱ ከግድግዳው ጋር በደንብ ስላልታሰረ ነው። ወራጁን ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ አሳስሪው። ምስማሩ በቆርቆሮው ጎባጣ ላይ ይመታ፤ ስርጉዱ ላይ ከሆነ ውሃ ያስገባል።

ፓፓያው አዝናለሁ፣ አይመለስም። ሥሩ ውሃ ውስጥ ሁለት ቀን መቆየት አይችልም። አቮካዶው ግን ዕድል አለው። ዙሪያውን ያለውን ውሃ አሁኑኑ አስወጪ፤ ከግንዱ ሥር የተከመረ አፈር ካለ ግለጪው። የሚቀጥለውን ችግኝ ጉብታ ላይ ትከይ።

ከስናን

«ጭጋጉ ሦስት ሳምንት አልተነሳም። ድንቹን ምች መታው። ቅጠሉ ጠቁሮ ይሸታል። ፈጥኜ ልቆፍረው?»

ወንድሜ፣ ስናን የኖርኩበት ነው፤ ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። በማለዳ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት። ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ካለ የድንች ምች ራሱ ነው። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙለት ማሳውን በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል።

አሁን ፈጥነው አይቆፍሩ። ቅጠሉና አገዳው ግማሹን ያህል ከጠቆረ ከመሬት በላይ ያለውን ሁሉ አጭደው ከማሳው ያውጡና ይቅበሩት። ከዚያ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። በዚህ ጊዜ የድንቹ ልጣጭ ይጠነክራል፤ አፈሩ ላይ ያለው በሽታም ይደክማል። ወዲያው ከቆፈሩት ግን በሽታው ከቅጠሉ ወደ ድንቹ ይተላለፍና ጎተራ ውስጥ ይበሰብስብዎታል። አፈሩ ጠፈፍ ባለ ቀን ይቆፈር። አፈር በደንብ ያልታቀፈው ድንች አስቀድሞ ይጠቃል፤ ያንን ለይተው ቶሎ ይብሉት። ከዚህ ማሳ ዘር አይያዙ። እባክዎ። በርካሽ የተገኘ ዘር ሲዘዋወር በሽታው ከቀበሌ ቀበሌ ይሄዳል።

ገና ያልተመታ ማሳ ያላችሁ ደግሞ ማንኮዜብ የሚባለው የምች መከላከያ መድኃኒት የሚረጨው ከመምታቱ በፊት ነው። መጠኑን የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። እንደ በለጠና ጉደኔ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ከቀድሞው ዘር የበለጠ ይችሉታል፤ ጭጋግ ሲበረታ ግን እነሱም ክትትል ይፈልጋሉ። ቲማቲም ከድንቹ አጠገብ አትትከሉ፤ በሽታቸው አንድ ነው።

ከደምበጫ

«ዕድሜዬ 71 ነው። ዝናቡ ድሮ ቀን ነበረው። አሁን ሰኔ ላይ ይዘገያል፣ ሲመጣ ያጥለቀልቃል። አምና ኅዳር ላይ ያለ ጊዜው ዘንቦ የጤፍ ክምሬን አበቀለው። ወቅቱ ምን ሆነ? ዘንድሮስ ምን ላድርግ?»

አባቴ፣ ያዩት ልክ ነው። ክረምታችን ከሩቅ ባሕር ጋር የተያያዘ ነው። ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የሚሉት፣ የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይደክማል። የ2007ን ክረምት ያስታውሱታል፤ በአገራችን ስንቱን ለርሃብ ዳርጓል። ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ክረምቱ ብዙ ጊዜ ይበረታል። በዚያ ላይ ምድር እየሞቀች ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል። ሲያወርደው በአንዴ ያወርደዋል። «ሲመጣ ያጥለቀልቃል» ያሉት ይኸው ነው።

የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅትና የአሥር ቀን ትንበያ ያወጣል። ሬዲዮ ላይ ሲነገር ልጆቹ እንዲያዳምጡልዎ ያድርጉ። ስለ ወንዞቹም ልንገርዎ፤ ሰማይ ጥርት ባለበት ቀን ጨሞጋም ተምጫም ሊሞሉ ይችላሉ፤ ዝናቡ የጣለው ላይ ጮቄ ነውና። ከገበያ የሚመለስ ሰው ውሃው ከደፈረሰ ቆሞ ይጠብቅ። ጉልበት የማይደርስ ፈጣን ጎርፍ ጎልማሳ ይጥላል።

ወደ ክምሩ ልመለስ። ጤፉ ሲታጨድ እርጥብ ከሆነ አይከምሩት፤ ነዶውን አቁመው ፀሐይ ያስመቱት። ክምሩን መሬት ላይ አያሳርፉት። ድንጋይ ደርድረው በላዩ እንጨት ይረብርቡ፤ ነፋስ በሥሩ ይለፍ። የነዶው ራስ ወደ ውስጥ፣ ቂጡ ወደ ውጭና ወደ ታች ዘንበል ይበል። ጫፉን እንደ ጎጆ ክዳን አሹለው በሣር ይድፈኑት። ላስቲክ ካለበሱት ዝናቡ ሲያባራ ያንሱለት፤ ታፍኖ ከዋለ ከውስጥ ይግላል፣ ይበቅላልም። እጅዎን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርገው ሙቀት ከተሰማዎ ያን ቀን አፍርሰው ያናፍሱት። የሻገተውን ጭድ ደግሞ ለከብቶቹ አይስጡ፤ ለብቻው ለይተው ለጓሮ ብስባሽ ያድርጉት።